ከዴንቨር እስከ የሎስቶን፤ የአንድ ቤተ ሰብ የጉዞ ዕቅድና የመንገዱ ታሪክ

በአገራችን ክረምት ሲገባ መንገደኛ ይሰበሰባል። ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ በቀድሞው ዘመንም ነጋዴው ጭነቱን አራግፎ፣ ዘማቹ ድንኳኑን ተክሎ፣ ውሃው እስኪጎድልና አደይ አበባ እስኪፈነዳ ድረስ በደረሰበት ይከርም ነበር። በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በዚያ መንገዱን የሚዘጋው በረዶ ስለ ሆነ፣ እኛ በሰኔና በሐምሌ ከዝናሙ ሸሽተን በየቤታችን ስንሰበሰብ፣ የዚያ አገር ሰው የበረዶውን መቅለጥ ጠብቆ፣ ልጆቹን በአውቶሞቢሉ አሳፍሮ፣ ወደ ታላላቆቹ ብሔራዊ ፓርኮች ጉዞ ይጀምራል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ምክንያት የሆነችኝ በኮሎራዶ ክፍለ ግዛት፣ በዴንቨር ከተማ ከባለቤቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር የምትኖረው ታላቅ እኅቴ ናት። በቅርቡ በቴሌፎን ስንነጋገር፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው ወደ የሎስቶን ሊጓዙ ማሰባቸውን ነገረችኝና፣ «ወንድም ዓለም፣ የነዳጁንና የማደሪያውን ሒሳብ ባለቤቴ ይዞታል። አንተ ደግሞ መጽሐፍ ማገላበጥ ትወዳለህና የመንገዱን ታሪክ ጻፍልኝ፤ ልጆቹ በየደረሱበት ሲጠይቁኝ የምመልሰው አጣለሁ» አለችኝ። እኔ ያንን አገር በዓይኔ አላየሁትም። ነገር ግን ታላቅ እኅት ያዘዘችውን እንቢ ማለት ስለማይቻል፣ ከመሥሪያ ቤት መልስ ማታ ማታ እያነበብሁ ያገኘሁትን በመጀመሪያ ለእርስዋ በደብዳቤ ጻፍሁ፤ ቀጥሎም ለአንባቢያን ይጠቅም እንደ ሆነ ብዬ አስፋፍቼ አቀረብሁት። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ነገር ከየት እንደ ተነሣ መመርመር ይገባል። በብዙ አገሮች የተከበረ ዱርና የአራዊት መዋያ የነገሥታትና የመኳንንት ርስት ነበር፤ ተራው ሕዝብ ከአጥሩ ውጭ ሆኖ ከመመልከት በቀር ድርሻ አልነበረውም። በአሜሪካ ግን የእርስ በርስ ጦርነቱ ገና ሳይበርድ፣ በ1864 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በካሊፎርኒያ የሚገኘው የዮሴሚቲ ሸለቆ ከታላላቆቹ የማሪፖሳ ዛፎች ጋር ለሕዝብ ጥቅም እንዲጠበቅ የሚያዝ ሕግ ፈረሙ፤ ጥበቃውም ለካሊፎርኒያ መንግሥት በአደራ ተሰጠ። ከዚህ በኋላ በ1871 ፈርዲናንድ ሄይደን የተባለ የመሬት ጥናት ሊቅ የሎስቶንን ለመመርመር ሲሄድ፣ ሠዓሊውን ቶማስ ሞራንንና ፎቶግራፍ አንሺውን ዊልያም ሄንሪ ጃክሰንን ይዞ ነበር። እነዚህ ሰዎች ይዘዋቸው የተመለሱት ሥዕሎችና ፎቶግራፎች፣ ስለ ፍል ውሃውና ስለ ገደሉ የሚነገረው ወሬ ተረት አለመሆኑን ለምክር ቤቱ አባሎች አስረዱ። በማርች 1 ቀን 1872 ፕሬዚዳንት ዩሊሲስ ግራንት ሕጉን ፈረሙና ወደ 9,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ምድር በዓለም የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። እንደ ዮሴሚቲ ለክፍለ ግዛቱ ያልተሰጠበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ዋዮሚንግ በዚያን ጊዜ ገና ክፍለ ግዛት ለመሆን ስላልበቃ፣ አደራውን የሚቀበል መንግሥት በስፍራው አልነበረም። ስለዚህ ማዕከላዊው መንግሥት ራሱ ጠባቂ ሆነ።

ሐሳቡ ታላቅ መሆኑን ማንም አይክድም። አንድ መንግሥት ከወርቁና ከእንጨቱ ጥቅም ይልቅ የሕዝቡን ደስታ አስቀድሞ፣ ምድርን ለልጅ ልጅ ማቆየቱ የሚያስመሰግነው ነው። ዳሩ ግን «ለሕዝብ» በተባለ ጊዜ ሕዝብ ተብሎ የተቈጠረው ማን ነው? እኅቴ ለልጆቿ ልትመልሰው የሚገባት ዋናው ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

ዮሴሚቲ ባዶ ሸለቆ አልነበረም። የካሊፎርኒያ ዘማቾች በ1851 ወደዚያ የገቡት በአለቃቸው በቴናያ ይመሩ የነበሩትን የአዋኒቺ ሰዎች ከምድራቸው ለማስለቀቅ ነበር። የሎስቶንም እንዲሁ ነው። ሊቃውንት ከመሬት ቈፍረው ያወጡት መሣሪያ እንደሚመሰክረው፣ ሰው በዚያ ምድር መመላለስ ከጀመረ 11,000 ዓመት ያህል ሆኖታል። ይሁን እንጂ ፓርኩ ከታወጀ በኋላ፣ ነባሮቹ ሕዝቦች ፍል ውሃውን ስለሚፈሩ ወደዚያ አይቀርቡም የሚል ወሬ ተነዛ። ወሬው ከእውነት የራቀ ቢሆንም፣ ጐብኚው ያለ ሥጋት እንዲመጣ ስለሚያደርግ ተፈላጊ ነበር።

በ1877 በኦገስት ወር በየሎስቶን ውስጥ የሆነው ነገር ይህን በሚገባ ያስረዳል። በዚያ በጋ ጆርጅ ካወን የተባለ የሞንታና ጠበቃ፣ ሚስቱን ኤማን፣ የኤማን ወንድምና ልጅ እግር እኅቷን፣ እንዲሁም ጥቂት ወዳጆቹን ይዞ ፓርኩን ለማየት መጥቶ ነበር። ፍል ውሃውን አይተው፣ ዕቃቸውን ሸክፈው፣ ወደ ቤታቸው ሊመለሱ ተዘጋጁ። ነሐሴያቸው በገባ በ24ኛው ቀን የጋብቻቸው ሁለተኛ ዓመት ይውል ነበር። በዚያው ቀን ጠዋት ከሰፈራቸው የደረሱት ግን የኔዝ ፐርስ ሰዎች ነበሩ። እነዚህም በኦሬገን የሚገኘውን የዋሎዋ ሸለቆና ሌሎች መኖሪያዎቻቸውን ለቀው በተወሰነላቸው ጠባብ ምድር እንዲገቡ ስለ ታዘዙና ነገሩ ወደ ጦርነት ስለ ተለወጠ፣ ሽማግሌዎቻቸውን፣ ሴቶቻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው የሚሸሹ 800 ያህል ነፍሶች ናቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት በቢግ ሆል፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በተኙበት ወታደሮች ተኵሰውባቸው ብዙ ሴቶችና ሕፃናት ሞተውባቸዋል። ከሐዘናቸው ያልተጽናኑ ወጣቶች ካወንን በጥይት መቱት፤ ሞቷል ተብሎም ተተወ። ሚስቱና የሚስቱ ወንድምና እኅት ተማርከው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ በሰላም ተለቀቁ። ካወንም እየዳኸ ሄዶ ነፍሱ ተረፈች። የኔዝ ፐርስ ሰዎች ግን በኦክቶበር 5 ቀን፣ ከካናዳ ጠረፍ 65 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራቸው እጃቸውን ሰጡ።

እንግዲህ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ዓይነት ቤተ ሰብ ተገናኘ ማለት ነው፤ አንዱ ዓይኑን ሊያስደስት ቤቱን ለጥቂት ቀን ትቶ የወጣ፣ ሁለተኛው ቤቱን ተነጥቆ የሚሸሽ። የካወን ቤተ ሰብ ለኔዝ ፐርስ ሰዎች ሐዘን ተጠያቂ አልነበረም። ቢሆንም የተጓዘበት ምድር የማን እንደ ነበረ አላወቀም ነበርና፣ ታሪኩ መንገድ ላይ ደረሰበት።

ከዚህ ቀጥሎ የጥበቃው ነገር ይመጣል። ሕግ መጻፉ ብቻ አዳኙንና ዛፍ ቈራጩን ስላላገደ፣ የሎስቶን ከ1886 ጀምሮ እስከ 1918 ድረስ በጦር ሠራዊት ይጠበቅ ነበር። በካሊፎርኒያ የሚገኙት ዮሴሚቲና ሴኮያም በየበጋው በፈረሰኛ ወታደሮች ይጠበቁ ነበር። ለእኛ ለጥቁር ሕዝቦች ሊዘነጋ የማይገባው ሰው የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ቻርልስ ያንግ በ1864 በኬንታኪ በባርነት ተወለደ፤ በ1889 ከዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሲመረቅ፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ከወጡት ጥቁሮች ሦስተኛው ነበር። በ1903 በሻምበልነት ማዕርግ የዘጠነኛውን ፈረሰኛ ጦር ጥቁር ወታደሮች አስከትሎ ወደ ሴኮያ ተላከ፤ የፓርኩም ተጠባባቂ የበላይ ኀላፊ ሆነ። ከእርሱ በፊት በብሔራዊ ፓርክ ላይ እንዲህ ያለ ሥልጣን የያዘ ጥቁር ሰው አልነበረም።

ወደ ግዙፎቹ ዛፎች የሚወስደው መንገድ ለዓመታት እየተጀመረ ሳይፈጸም የቈየ ነበር። ያንግና ወታደሮቹ በአንዲት በጋ ከዚያ ቀደም ከተሠራው ሁሉ የበለጠ ሠርተው፣ በኦገስት ወር ሠረገላ እስከ ዛፎቹ ሥር እንዲደርስ አደረጉ። የአካባቢው ሰዎች ተደስተው ከዛፎቹ አንዱ በስሙ ይጠራ ቢሉት፣ ከሃያ ዓመት በኋላም ሐሳባችሁ ካልተለወጠ ያን ጊዜ ይሁን ብሎ ሳይቀበል ቀረ፤ አንዱ ዛፍ ግን በጥቁሮቹ መምህር በቡከር ዋሽንግተን ስም ተሰየመ። ያንግ በ1922 በናይጄሪያ ሌጎስ ሳለ ዐረፈ። በስሙ የሚጠራ ዛፍ ያገኘው ከሞተ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ ሲሆን፣ የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕርግም የተሰጠው በ2022 ነው።

ያንግ በሠራበት ዘመን ወደ ምዕራብ ፓርኮች የሚሄደው አብዛኛው ሰው ባለጸጋ ነበር። የባቡር ኩባንያዎች ሐዲዳቸውን ወደ ፓርኮቹ አቅርበው፣ የተዋቡ ሆቴሎችን አሠርተው ነበር፤ ለምሳሌ የሳንታ ፌ ባቡር እስከ ግራንድ ካንየን አፋፍ የደረሰው በ1901 ነው። ነገሩን የለወጠው አውቶሞቢል ነው። በ1908 የወጣው የፎርድ ኩባንያ ሞዴል ቲ በመጀመሪያ 850 ዶላር ይሸጥ የነበረው፣ በ1920ዎቹ አጋማሽ ከ300 ዶላር በታች ሆነ፤ ስለዚህ ገበሬውም ሠራተኛውም ሊገዛው ቻለ። ማውንት ሬይኒየር በ1908፣ የሎስቶን ደግሞ በኦገስት 1 ቀን 1915 ለአውቶሞቢል ተከፈተ። በ1916 ፓርኮቹን በአንድነት የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ፤ የመጀመሪያው ዲሬክተር ሚስተር ስቲቨን ማዘርም፣ ብዙ ሰው ሊመጣ የሚችለው መንገድ ሲኖር መሆኑን ተረድቶ ለመንገድ ሥራ ተጋ።

እኅቴን በተለይ ደስ የሚያሰኛት ነገር በ1920 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት፣ አሥራ ሁለት ብሔራዊ ፓርኮችን እንደ መቀነት እየዞረ የሚያገናኝ ከ8,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም የአውቶሞቢል መንገድ ሲመረቅ፣ የመጀመሪያዎቹ ተጓዦች የተነሡት ከዚያችው እርስዋ ከምትኖርባት ከዴንቨር ነበር። መንገድ ይባል እንጂ አብዛኛው አፈርና ጭቃ ነበር። ከዚያ ወዲህ መሐንዲሶች አስደናቂ ሥራዎችን ፈጽመዋል። በግላሲየር ፓርክ ተራራውን አቋርጦ የሚያልፈው 80 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በ1933 ተመረቀ፤ በዛየን ፓርክም ድንጋዩን ሰንጥቆ የሚያልፍ ወደ 1.8 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ዋሻ በ1930 ተከፈተ። በ1956 የታላላቆቹ አውራ ጐዳናዎች ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ለፓርኮቹ አንድ ቢሊዮን ዶላር ያህል የወጣበት የዐሥር ዓመት የማሻሻያ ዕቅድ ተጀመረ። አባት መሪውን ይዞ፣ እናት ካርታውን ዘርግታ፣ ልጆች በኋላ ወንበር ተደርድረው የሚሄዱበት የበጋ ጉዞ የአሜሪካ ቤተ ሰብ ሁሉ ልማድ ሆነ ተብሎ የተነገረው በዚህ ዘመን ነው።

«ሁሉ» የሚለው ቃል ግን አሁንም ምርመራ ያሻዋል። የጥቁር አሜሪካዊ ቤተ ሰብ አውቶሞቢል ቢኖረውም፣ ገንዘብ ቢኖረውም፣ ሲመሽበት የሚያሳድረው፣ ሲርበው የሚያበላው ቤት ስለ መኖሩ እርግጠኛ አልነበረም። በኒው ዮርክ የሐርለም ነዋሪ የነበረው የፖስታ ሠራተኛ ቪክቶር ግሪን ከ1936 ጀምሮ ያሳትመው የነበረው መጽሐፍ ለዚህ ምስክር ነው። መጽሐፉ ጥቁር መንገደኛን የሚቀበሉ ማደሪያዎችን፣ ምግብ ቤቶችንና ጋራዦችን በየከተማው የሚዘረዝር ነበር። ብዙዎች ምግባቸውን፣ ብርድ ልብሳቸውንና ትርፍ ነዳጃቸውን በአውቶሞቢላቸው ጭነው ይወጡ ነበር። እኛ ስንቅ ስንል ድርቆሹና ጭኮው፣ የእናት ምርቃትም ትዝ ይለናል፤ ለእነርሱ ግን ስንቅ ማለት ከውርደት መሸሸጊያ ነበር። የዜጎች መብት ሕግ በ1964 ወጥቶ በማደሪያና በምግብ ቤት በቀለም ምክንያት መለየትን ከከለከለ በኋላ፣ መጽሐፉ ብዙ ሳይቈይ መታተሙን አቆመ። የእኅቴ ልጆች ዛሬ በፈለጉት ማደሪያ ክፍል ይዘው ሲተኙ፣ ይህ መብት የመጣው ከአያቶቻቸው ዕድሜ በማይርቅ ጊዜ፣ ብዙ ሰዎች ደክመውበት መሆኑን ቢያውቁ መልካም ነው።

አሁን ወደ ዕቅዱ ልመለስ። አማቼ በላከልኝ የመጀመሪያ ዕቅድ በዐሥር ቀን ስድስት ፓርክ ሊያዩ አስበው ነበር። እኔም ይህ ጉብኝት ሳይሆን ሩጫ ነው ብዬ፣ ሦስት ይበቃችኋል አልኋቸው፤ እነዚህም ለዴንቨር ቅርብ የሆነው ሮኪ ማውንቴን፣ ከዚያ ግራንድ ቲቶን፣ በመጨረሻም ከእርሱ ጋር ተያይዞ ያለው የሎስቶን ናቸው። ከዴንቨር እስከ የሎስቶን ያለው መንገድ ብቻ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ስለ ሆነ፣ ልጆች ያሉት ሰው በአንድ ቀን ባይጨርሰው ይሻላል። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና ማደሪያ ከወራት በፊት መያዝ አለበት፤ የሎስቶንን በ2021 ብቻ ከ4.8 ሚሊዮን በላይ ጐብኚ ገብቶበታል። ከመነሣትም በፊት የመንገዱን ሁኔታ መጠየቅ ይገባል። በጁን 2022 የመጣው ደራሽ ጐርፍ የፓርኩን ሰሜናዊ መንገዶች ቈራርጦ፣ ዕቅዱን አሳምሮ የመጣውን ሰው ሁሉ መልሶታል። ደብረ ብርሃን ያደገችው እኅቴ ብርዱን ባትፈራውም፣ የሎስቶን የሐምሌ ሌሊት ወፍራም ልብስ የሚያስፈልገው መሆኑን ለልጆቿ አሳስቤአለሁ። ከጎሽ 23 ሜትር፣ ከድብና ከተኵላ 91 ሜትር ርቆ መቆም ግዴታ ነው። በፍል ውሃውም ዙሪያ ከተነጠፈው የእንጨት መሄጃ አንድ እርምጃ እንኳ መውረድ አይገባም፤ ከላይ ጠንካራ መሬት የሚመስለው ቅርፊት ከሥሩ የሚፈላ ውሃ ሊኖረው ይችላልና። «ኦልድ ፌይዝፉል» የተባለው ፍል ውሃ ወደ ሰማይ የሚተኰሰው በአማካይ በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል አንድ ጊዜ ስለ ሆነ፣ ልጆቹ ትዕግሥትን በዚያ ይማራሉ።

በመጀመሪያው ፓርክ፣ በሮኪ ማውንቴን፣ 3,713 ሜትር ከፍታ የሚደርስ መንገድ አለ። ከዚያ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲመለከቱ የሚታዩት ተራሮች ስማቸው ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «በጋ የማያውቃቸው» ማለት ነው። ስሙ የተገኘው ከአራፓሆ ሕዝብ ቋንቋ ነው። አራፓሆዎች ከዚያ ምድር ከተነሡ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1914 የኮሎራዶ ተራራ ወዳዶች ሁለት የአራፓሆ ሽማግሌዎችን ከዋዮሚንግ አስመጥተው፣ ሁለት ሳምንት ያህል በፈረስ አብረዋቸው እየዞሩ የተራራውን፣ የወንዙንና የመተላለፊያውን ስም ጠየቋቸው፤ ሽማግሌዎቹም በልጅነታቸው የሚያውቁትን ነገሩ። ፓርኩ በሚቀጥለው ዓመት ታወጀ። ምድሩ ለባለቤቶቹ አልተመለሰም፤ ስሙ ግን ተጽፎ ቀረ።

ይህን ሳነብ ልቤ ወደ ሰሜን ተራሮቻችን ሄደ። በ1978 የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች ሲመዘግብ፣ የሎስቶን፣ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአንድ መዝገብ ላይ ገብተዋል። በ1969 የታወጀው ይህ ፓርካችን፣ የዋልያው ቍጥር በመመናመኑና እርሻውና ግጦሹ በመስፋቱ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተቈጠረ። በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛወረ፤ በ2017 ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ተሰረዘ። ዋልያ ሣሩን ይሻል፤ ገበሬውም ማሳውን ይሻል። በዓለም ላይ ሌላ አገር የሌለው እንስሳ እንዲድን መደረጉ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን የአያቱን መሬት ለቆ የወጣውም ሰው የከፈለው ዋጋ በመዝገብ ሊገባለት ይገባል። አራፓሆዎቹ የተጠየቁት ዘግይተው፣ ሁለት ሽማግሌዎች ብቻ ሲገኙ ነው። የግጭ ሽማግሌዎች ግን ዛሬ በደባርቅ አሉልን። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ዋልያ ለማሳየት ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወስዱ፣ ግማሽ ቀን በደባርቅ ቈይተው፣ የየጉብታውን፣ የየምንጩንና የየገደሉን ስም ከእነዚህ አባቶችና እናቶች ቢያስጽፉ፣ ወጪው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው።

ለእኅቴ የላክሁት ደብዳቤ የሚያበቃውም በዚሁ ነው። «እትዬ፣ ከተራራው ላይ ስትደርሱ አውቶሞቢሉን አቁሙና ለልጆቹ ‹በጋ የማያውቃቸው›ን አሳያቸው፤ ስሙን ማን እንዳወጣውም ንገሪያቸው። ትልቁ ልጅሽ መንገዱን ማን ሠራው ብሎ ቢጠይቅ፣ በሴኮያ መንገድ የሠራውን ሻምበል ያንግን አንሺለት። ስትመለሱ ደግሞ የሚመጣውን ዓመት ዕቅድ አብረን እናወጣለን፤ ያኔ ጉዞው ወደ ደባርቅ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ መንገዱም የሚከፈተው በመስከረም ነው» ብዬ ጽፌላታለሁ።